ጅማ ላላችሁ ወላጆች፦ የትምህርት ቤት ቦርድ ስትመርጡ ሰፈሩ በሙሉ እንዲገባበት ምን ምን ታደርጋላችሁ

ሰሞኑን ሁለት እናቶች በተለያየ ቀን አንድ አይነት ነገር ጠየቁኝ፣ "ትምህርት ቤታችን ኮሚቴ ሊመረጥ ነው፣ ዘንድሮም እነዛው ሰዎች ሊሆኑ ነው፣ ምን ብናደርግ ይሻላል?" አሉኝ። እኔ በልጆቼ ትምህርት ቤት ሁለት ዙር አገልግያለሁ፣ መጀመሪያ እንዲሁ አባል ሆኜ ቀጥሎ ደሞ ፀሐፊ ሆኜ፣ እና የመጀመሪያው ዙር ላይ የሰራነው ስህተት እስካሁን ይቆጨኛል፣ ስለዚ ለነሱ በአፍ የነገርኳቸውን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

መጀመሪያ የምንመርጠው ምን እንደሆነ እንለይ፣ ብዙ ሰው ይደባልቀዋልና። የክልሉን ትምህርት ቢሮ ኃላፊ ወላጅ አይመርጠውም፣ የከተማውን ትምህርት ጽ/ቤት ኃላፊም እንደዛው፣ እነሱ ተሿሚዎች ናቸው። አሜሪካን የመሰለ አገር በብዙ ቦታ የትምህርት ቦርድ አባል ማለት ነዋሪው ድምፅ ሰጥቶ የሚመርጠው ሰው ነው፣ እኛ ጋ ግን እጃችን የሚደርስበት ትምህርት ቤቱ ድረስ ነው። አንደኛው ድሮ ወመህ የምንለው አሁን ተማሪ ተጨምሮበት ወተመህ የሆነው ነው፣ የወላጅ የተማሪና የመምህር ህብረት ማለት ነው፣ ሰፈር ውስጥ በአጭሩ የወላጅ ኮሚቴ ይባላል፣ እዚህ በዋናነት የማወራውም ስለሱ ምርጫ ነው። ሁለተኛው የቀበሌ ትምህርትና ስልጠና ቦርድ ነው፣ ቀትስቦ የሚሉት፣ እሱን አብዛኛውን ጊዜ የቀበሌው ሊቀመንበር ነው የሚመራው። ሁለቱም በ1994 ዓ.ም በወጣው የትምህርት አመራር አደረጃጀት፣ የህብረተሰብ ተሳትፎና የፋይናንስ መመሪያ ውስጥ ያሉ ናቸው። አባላቱ ስንት ይሁኑ፣ ስንት አመት ይቆዩ የሚለውን በወሬ አትያዙት፣ ርዕሰ መምህሩን "አሁን የምትሰሩበትን መመሪያ አሳዩን" በሏቸው፣ ወረቀቱን በአይናችሁ እዩት፣ ፎቶ አንሱት።

"ኮሚቴ ምን ያደርጋል፣ ወንበር ማሞቅ ነው" የሚል ሰው አለ። እውነቱን ለመናገር ቀላል ስራ አይደለም። የትምህርት ቤቱ እቅድና በጀት እዚህ ይታያል፣ መዋጮ እዚህ ይወሰናል፣ ያጠፋ ልጅ ጉዳይ እዚህ ይቀርባል፣ ትምህርት ያቋረጠን ልጅ ማን ይመልሰው የሚለው እዚህ ይነሳል። ከ2001 ወዲህ ደሞ በትምህርት ጥራት ፓኬጁ ለየትምህርት ቤቱ በተማሪ ቁጥር እየታሰበ የሚመጣ የድጎማ ብር አለ፣ ስኩል ግራንት የሚባለው፣ እሱ ምን ይገዛበት የሚለው ላይ ወላጅ ድምፅ አለው። ድምፁ የማን ወላጅ ድምፅ ነው ነው ጥያቄው።

የኛን የመጀመሪያ ዙር ልንገራችሁ። የተመረጥነው ወላጆች ብዙዎቻችን በአንድ አስፋልት ዳርና ዳር የምንኖር ነበርን፣ ወይ ሱቅ ያለን ወይ ደሞዝተኛ። መጥፎ ሰው አልነበረብንም፣ ሁላችንም ለልጆቹ አስበን ነው፣ አጥር ፈርሶ ስለነበር መዋጮ ወሰንን፣ ገንዘቡ እስከ ህዳር መጨረሻ ይግባ አልን፣ ደሞዝተኛው በወር መጨረሻ ይከፍላል፣ ባለሱቁም ይከፍላል፣ ማንም ሌላ ነገር አልታየውም። ግን ህዳር ማለት እኮ በኛ አገር የቡና ለቀማ ነው። ለቀማ የሚሄድ ቤተሰብ እጁ ላይ ብር የሚገባው ቡናው ተለቅሞ ሂሳብ ሲያዝ ነው፣ ህዳር ላይ ገና ዱቤ ላይ ነው ያለው። ያልከፈለ ልጅ ወላጅ ይጥራ ተባለ፣ ወላጅ ማሳ ላይ ነው፣ ልጁ አፍሮ ቀረ። ከልጄ ክፍል ብቻ አራት ልጆች እንዲህ ሆነው ቀሩ፣ ሁለቱ ከጥር በኋላ ተመለሱ፣ ሁለቱ አልተመለሱም። ከኛ መሀል አንድ ለቀማ የሚያውቅ ወላጅ ቢኖር ኖሮ "ቀኑን አሸጋግሩት" ለማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር። አንድ ደቂቃ።

ስለዚ የአባላቱ አስተዳደግና ኑሮ የሚለው ነገር ጌጥ አይደለም፣ ስራው ራሱ ነው።

እሺ፣ ወደ አሰራሩ።

ምርጫው ሊደረግ ሶስት ሳምንት ሲቀረው ከአስመራጮቹ ሁለት ሶስት ሰው ሆናችሁ ከሪከርድ ክፍሉ ጋር ተቀመጡና የተማሪውን ምዝገባ በሰፈር ቁጠሩት። ስም አያስፈልጋችሁም፣ ቁጥር ነው የምትፈልጉት። ከመርካቶ ዙሪያ ስንት ልጅ፣ ከሂርማታ ስንት፣ ከቆጪ፣ ከቦሳ፣ ከአጂፕ፣ ከጅረን በኩል ስንት፣ ከከተማው ዳር ካሉት የገጠር ቀበሌዎች በእግሩ እየተመላለሰ የሚማረው ስንት ነው። ቀጥሎ በኦሮምኛ የሚማረው ስንት፣ በአማርኛ የሚማረው ስንት። ሁለት ፈረቃ ካለ ጠዋትና ከሰዓት። ይህን በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ጻፉትና ከጎኑ ያለፈውን ኮሚቴ አባላት በየሰፈራቸውና በየክፍላቸው አስቀምጧቸው። ወዲያው ይታያችኋል፣ ምንም ክርክር አያስፈልገውም። የኛን ስንሰራው የኦሮምኛ ክፍል ልጆች ከግማሽ በላይ ሆነው ከነሱ ወላጆች ኮሚቴው ውስጥ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ ከገጠር የሚመጡት ልጆች ደሞ ማንም አልነበራቸውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ብሄርና ሃይማኖት እየጠየቃችሁ አትዙሩ። ጅማ ድብልቅ ከተማ ናት፣ የዛሬ ነገርም አይደለም፣ ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1870ዎቹ እስከ 1924 ሲገዙ ነጋዴውን እየጠበቁና እያቀረቡ ስላቆዩት የሂርማታ ሐሙስ ገበያ ከየአቅጣጫው ሰው የሚሰበሰብበት ነበር፣ ቡናው ደሞ ሌላውን አመጣ፣ እና ዛሬ አንድ ግቢ ውስጥ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ዳውሮው፣ የሙ፣ ከፋው፣ ጉራጌው አንድ ቧንቧ እየቀዳ ነው የሚኖረው፣ ብዙ ልጅ እናቱ ከአንዱ አባቱ ከሌላው ነው። በ1999ኙ ቆጠራ 120,960 ሰው የነበራት ከተማ ዛሬ እጅግ ሰፍታለች፣ ይህን ሁሉ በብሄር ሳጥን ልክተት ካላችሁ ስብሰባው የልጆች ትምህርት መሆኑ ይቀርና ሌላ ነገር ይሆናል፣ አይቼዋለሁ። የሚጠየቀው ኑሮው ነው፦ የት ሰፈር ትኖራላችሁ፣ ቤት ውስጥ ልጁ በምን ቋንቋ ያወራል፣ ስራችሁ ስንት ሰዓት ይለቃችኋል፣ ኪራይ ናችሁ ወይስ የራሳችሁ ቤት፣ ልጃችሁ ትምህርት ቤት ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይሄዳል፣ የአካል ጉዳት ያለበት ልጅ አለ ወይ። እነዚህን ካስተካከላችሁ ቤተክርስቲያን የሚሄደውም መስጊድ የሚሄደውም ጸሎት ቤት የሚሄደውም ራሱ ተሰባጥሮ ይመጣል። ተሰባጥሮ ካልመጣ ደሞ ወረቀቱን መልሳችሁ እዩት፣ አንድ ሰፈር ዘላችኋል ማለት ነው።

ቀን አመራረጥ። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል ግን ግማሹ ምርጫ እዚህ ያልቃል፣ ምክንያቱም ያልመጣ ሰው አይመረጥም። ሐሙስ ገበያ ነው፣ የምትሸጠዋም የምትገዛዋም እናት የለችም። ዓርብ ጁምዓ ነው። እሁድ ጠዋት ቅዳሴና የጸሎት ፕሮግራም፣ እሁድ ከሰዓት እድር። የሚቀረው ቅዳሜ ነው፣ ከ7፡30 እስከ 9፡30 ብታደርጉት ዙህር ተሰግዶ አልቋል፣ የአስር ሶላት ሳይደርስ ትጨርሳላችሁ፣ ቅዳሜን የሚያከብሩ አድቬንቲስት ቤተሰቦች ካሉ ግን ቀድማችሁ ጠይቋቸው። ቀኑ ወር በገባ በ12፣ በ21፣ በ27 እንዳይውል ካላንደር እዩ፣ ረመዳን መቼ እንደሚገባም እዩ። ወሩን በተመለከተ ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ለቀማ ነው፣ ስለዚ ወይ መስከረም ውስጥ ምዝገባው እንዳለቀ ከመስቀል በኋላ ቶሎ አድርጉት፣ ወይ ጥር ላይ። ዝናቡንም አስቡ፣ ጅማ መስከረም ላይም ይዘንባል፣ ሜዳ ላይ ወንበር ደርድራችሁ ሰው እንዳይበተን አዳራሽ ወይ ሰፊ ክፍል ያዙ።

ጥሪው። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጥፎ "ተነግሯል" ማለት አይቻልም፣ ግሩፑ ውስጥ ያለው ስማርት ስልክ ያለው ነው። በልጁ ደብተር በሁለቱም ቋንቋ የተጻፈ አጭር ወረቀት ላኩ፣ ግን እሱም አይበቃም፣ ማንበብ የማይችል ወላጅ አለ፣ ልጁም ወረቀቱን የሚጥለው "ጥፋት ሰርተህ ነው የሚጠሩኝ" ብሎ አባቱ እንዳይቆጣው ፈርቶ ነው። በአፍ አስነግሩ። የእድሩን ጡሩምባ ነፊ ለምኑ፣ መስጊዱ ከሶላት በኋላ እንዲናገር፣ ቤተክርስቲያኑ ከቅዳሴ በኋላ እንዲናገር፣ ጸሎት ቤቱም እንዲሁ። ከዚህ ሁሉ በላይ የሰራልን ቡና ነው፣ በየሰፈሩ አንዲት እናት ጎረቤቶቿን ቡና ጠርታ "ቅዳሜ እንሂድ፣ አብረን እንሂድ" ስትል ነው ሴቶች የመጡት፣ ብቻዋን የምትመጣ ሴት በር ላይ ቆማ ትመለሳለች፣ አራት ሆነው ሲመጡ ግን ይገባሉ ይቀመጣሉ ይናገራሉ።

አሁን ጥቆማው ላይ ደረስን፣ እኔ በጣም የምለፋበት ቦታ ይሄ ነው። የተለመደው አሰራር መድረክ ላይ ያለው ሰው "ጥቆማ" ይላል፣ ፊት ወንበር ላይ ያለው አንዱ እጁን ያወጣል "አቶ እገሌን" ይላል፣ "ደጋፊ?"፣ ጭብጨባ፣ በአስር ደቂቃ አለቀ። በዚህ አሰራር ሁሌም የሚጠቆመው የታወቀ ሰው ነው፣ ባለመኪናው፣ ባለሱቁ፣ ጡረታ የወጣው መምህር። እንደዛ አታድርጉ። ወላጁን በየሰፈሩና በየክፍሉ ቋንቋ ከፋፍላችሁ በየማዕዘኑ አስቀምጡት፣ ሀያ ደቂቃ ስጡት፣ ራሳቸው ተነጋግረው ሁለት ሁለት ሰው ያቅርቡ፣ አንዷ የግድ ሴት ትሁን። በዛ ትንሽ ክበብ ውስጥ በአዳራሽ ፊት አንድ ቃል የማይወጣት ሰው ስታወራ ትሰማላችሁ። ማዕዘኖቹን የሚያግዙት መምህራንም ቋንቋውን የሚችሉ ይሁኑ፣ ኦሮምኛ በሚያወሩት መሀል ሄዳችሁ በአማርኛ አትምሩ። አጠራርም ዋጋ አለው፣ ለአንዱ "አቶ" "ወይዘሮ" እያላችሁ ለሌላው በደረቁ ስም አትጥሩ፣ ኦቦ በሉ፣ አዴ በሉ፣ ሀጂ ከሆኑ ሀጂ፣ ሼህ ከሆኑ ሼህ፣ ቄስም ካሉ አባ በሉ፣ ሰው በተከበረበት ቦታ ነው አሳቡን የሚያወጣው። አንድ አዛውንት ጥግ ላይ ዝም ብለው ተቀምጠው ነበር፣ አንዱ ወጣት መምህር ጎንበስ ብሎ "ኦቦ፣ ማል ጄቱ?"፣ ምን ይላሉ ማለት ነው፣ ሲላቸው ስለ ወንዝ መሻገሪያው የነገሩን ነገር እስከዛሬ አይረሳኝም፣ አዌቱ ሲሞላ ልጆቹ ለምን እንደሚቀሩ በሁለት አመት ሪፖርት ላይ ያልነበረውን በሁለት ደቂቃ ነገሩን።

የቀረቡትን እጩዎች ሁሉም ፊት ሶስት ነገር ጠይቋቸው፣ አይበዛም፦ ልጅህ ስንተኛ ክፍል ነው፣ በወር ሁለት ጊዜ የምትመጣበት ሰዓት የትኛው ነው፣ ከሰፈርህ ሶስት ልጅ ቀረ ቢባል መጀመሪያ የት ትሄዳለህ። ሶስተኛው ጥያቄ ሰውን ይለያል። "ለኃላፊው ሪፖርት አደርጋለሁ" የሚል አለ፣ "ቤታቸው እሄዳለሁ፣ እናትየዋን አውቃታለሁ" የሚል አለ። እንዲህ የሚል ሰው ነው የሚያስፈልጋችሁ። አንድን እጩ ደሞ "የእገሌ ብሄር ተወካይ" ብላችሁ አታስተዋውቁት፣ ሰውየው ለልጆቹ ሁሉ ነው የሚቀመጠው፣ እንደዛ ካላችሁት በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ከቀሪው ጋር ታለያዩታላችሁ።

ድምፅ አሰጣጥ ላይ እጅ ማውጣት ይቅር እላለሁ። ለምን መሰላችሁ፣ ዱቤ የምትወስድበት ባለሱቅ እጩ ሆኖ ከፊትህ ቆሞ ለሌላ እጅህን ታወጣለህ? የቤት ኪራይ የምትከፍላቸው ሰውዬ እያዩህ? አታወጣም። ወረቀት ደሞ መጻፍ ለማይችለው አይሆንም፣ ጎረቤቱ ይጽፍለታል፣ ሚስጥርነቱ ቀረ። እኛ በሁለተኛው ዙር ያደረግነው እንዲህ ነው፦ ለእያንዳንዱ እጩ አንድ ጆግ፣ እያንዳንዱ ጆግ ላይ የተለያየ ቀለም ጨርቅ ታስሯል፣ እጩውም ያንኑ ቀለም ደረቱ ላይ አድርጎ ቆሟል፣ ጆጎቹ ከጥቁር ሰሌዳ ጀርባ ናቸው፣ ወላጅ አንድ በአንድ እየገባ ይጥላል። መጀመሪያ በቡና ፍሬ እናድርገው ብለን ነበር፣ አንዲት እናት ግን "ቡናውንማ ማንም ከቤቱ ይዞ ሊመጣ ይችላል" አለች፣ ልክ ናት፣ ስለዚ ቆርኪ ሰብስበን አንድ አይነት ቀለም ቀብተን የሚመረጡት ሰዎች ቁጥር ያህል ለእያንዳንዱ ወላጅ በር ላይ ሰጠን። ከየሰፈሩ አንድ ታዛቢ ቆጠራው ላይ ይቁም፣ ቆጠራው ሰው ሳይበተን እዛው ይሁን፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ታዛቢዎቹ ይፈርሙ፣ መፈረም ለማይችል አሻራ።

ከየሰፈሩና ከየክፍሉ ስንት ሰው እንደሚገባ ከድምፁ በፊት አስወስኑት፣ ከድምፁ በኋላ "ከገጠር አንድ እንጨምር" ካላችሁ የተጨመረው ሰው የተለመነ ይመስላል።

ምርጫው ሲያልቅ የአባላቱን ማንነት በር ላይ ለጥፉ፣ ወላጅ ማንን እንደሚያናግር ማወቅ አለበት። በሁለቱም ቋንቋ፣ በትልቁ ተጽፎ፣ ባለቤቱ ፈቅዶ፦ ስም፣ ሰፈር፣ ልጆቹ ስንተኛ ክፍል እንደሆኑ፣ የሚችለው ቋንቋ፣ ስራው፣ ትምህርት ቤት የሚገኝበት ቀንና ሰዓት። ለምሳሌ እንዲህ፦ "ቆጪ ነዋሪ፣ 3ኛና 6ኛ ክፍል ልጆች አሏት፣ ኦሮምኛና ዳውርኛ ትናገራለች፣ ገበያ ላይ ጎመን ትሸጣለች፣ ማክሰኞ ከ10 ሰዓት በኋላ ትገኛለች።" ሃይማኖትና ብሄር አትጻፉ። ስልክ የሚጻፈው ሰውየው ራሱ ጻፉልኝ ካለ ብቻ ነው።

ከዛ በኋላ ያለው ነገር ብዙ ነው፣ ዋናውን ልንገራችሁ። የስብሰባ ሰዓት የቀን ስራ የሚሰራውን አባል ታሳቢ ያድርግ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከጠራችሁት የዕለት እንጀራውን ነው የምትነሱት፣ ሁለት ጊዜ ይመጣል ሶስተኛ ላይ ይቀራል፣ ከዛ "አልመጣም" ተብሎ ይተካል፣ የሚተካው ደሞ ያው የአስፋልቱ ዳር ሰው ነው። ከሩቅ የሚመጣ ካለ የባጃጅ መሄጃ ስጡት። ሴቶቹን ቡና አፍዪ ወይ ወንበር ደርድሪ አትበሏቸው፣ ገንዘብ ያዥ አድርጓቸው፣ ሰብሳቢ አድርጓቸው። ቃለ ጉባኤው መጨረሻ ላይ በሁለቱም ቋንቋ ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ ማንበብ የማይችል አባል ያልሰማው ነገር ላይ መፈረም የለበትም። ልምድ ያለውን የድሮ አባልም አትጣሉት፣ አንድ ሁለት ሰው ከፋይሎቹ ጋር ይቆይ፣ የት ምን እንደተወሰነ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

በሁለተኛው ዙር ከገቡት አንዷ ከከተማው ዳር የምትመጣ ቡና ለቃሚ እናት ነበረች። ሶስት ስብሰባ ምንም ሳትናገር ተቀመጠች፣ እኔም እውነቱን ለመናገር ተጨንቄ ነበር። አራተኛው ላይ የመዋጮ ጉዳይ ተነሳ፣ ሰብሳቢው "እንደ አምናው ህዳር" አለ፣ እሷ በኦሮምኛ "ጥር አስራ አምስት ይሁን፣ ያኔ ሁሉም ይከፍላል፣ እስከዛ ልጅ በር ላይ አይመለስ" አለች። ተተረጎመ፣ ተጻፈ። ጥር 15 ላይ ደብተሩን ያየሁት እኔ ነኝ፣ ከሷ ሰፈር ያልከፈለ አንድ ቤት ብቻ ነበር፣ እሱም በሳምንቱ አመጣ፣ በዛ አመት በመዋጮ ምክንያት የቀረ ልጅ ቃለ ጉባኤያችን ውስጥ የለም።